ቺፕ ማነሱን ሲያቆም ማን ይተርፋል?

ክሩ፣ ማለትም በመድረካችን ላይ የተከፈተው ውይይት፣ በጣም ረዝሟል። ከመሃል ገብታችሁ ግራ ለተጋባችሁ ከላይ ጀምሬ ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቷል። የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሶበታል። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ታላቅየው ደግሞ አልተዋጠለትም። የስልክ ቺፕ 7 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ነበር፣ 5 ሆነ፣ 3 ሆነ፣ አሁን 2 እየተባለ ነው። ከ1 በኋላ ያለው ዜሮ ነው። እዚያ ሲደረስ ስልክ መሻሻሉን ያቆማል። ሰው አዲስ አይገዛም፤ የያዘውን እያስጠገነ ይኖራል። እንግዲህ መጪው ዘመን የጠጋኝ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ክፍል ውስጥ ዓመት ከሚያባክን ሱቅ ገብቶ እጁን ያፍታታ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ ሲል ጠየቀ።

1ኛው መልስ ሙሉ ድጋፍ ነበር። ጸሐፊው የወሎ ሰው ነውና ምርቃቱ ከሐሳቡ ረዘመ። 2ኛው ስለ ቺፕ ምንም አላለም። የሳምሰንግ ስክሪን ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ የክሩ ባለቤትም እዚያው መለሰለት። ውይይቱ ሳይጀመር ገበያ ሆነ።

ነገሩን መስመር ያስያዘው 3ኛው መልስ ነው። የጻፉት ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። በጣም በትሕትና ጀመሩ። 3 ናኖሜትር የሚባለው ቁጥር ቺፑ ላይ በማስመሪያ ተለክቶ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ አስረዱ። ትራንዚስተር በቺፑ ውስጥ ያለ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ጌቱ ደግሞ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል ነው። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቁጥሩ የትራንዚስተሩን ጌት ርዝመት በእርግጥም ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ የትውልድ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። 3 ናኖሜትር በሚባል ቺፕ ላይ ከአንዱ ጌት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ40 ናኖሜትር ይበልጣል። እጅግ የተጠጋጉት ሽቦዎች እንኳ ከመሃል እስከ መሃል ቢለኩ ከ20 ናኖሜትር በላይ ይራራቃሉ። በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ የአተሞቹ አደራደር የሚደጋገመው በየ0.54 ናኖሜትሩ ነው። እውነተኛ 1 ናኖሜትር ማለት ሁለት ድግግሞሽ እንኳ የማይሞላ ስፋት ነው። ኩባንያዎቹም ቁጥር እንዳያልቅባቸው ወደ አንግስትሮም ተሻግረዋል። ኢንቴል 18ኤ ይላል፣ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ኤ16 ይላል። አንድ ናኖሜትር 10 አንግስትሮም ስለሆነ ባለቤቱ የሚጠብቀው ዜሮ መቼም አይመጣም።

መምህሩ ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ ስለሆነው ስለ ጎርደን ሙርም ጨመሩ። ሰውዬው በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚገቡት ክፍሎች በየዓመቱ በእጥፍ እየጨመሩ መሆኑን አስተውሎ ጻፈ። በ1975 ደግሞ ወደ ሁለት ዓመት አስረዘመው። የሙር ሕግ ቢባልም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ኢንዱስትሪው ራሱን ሲያስሮጥበት የኖረ ግብ ነው። የ1971ዱ ኢንቴል 4004 ቺፕ ላይ 2,300 ትራንዚስተር ነበር። የ2020ው የአፕል ኤም1 ላይ 16 ቢሊዮን ሆኗል።

4ኛው ባለቤቱ ነው። በቀላሉ የሚረታ ልጅ አይደለም። 16 ቢሊዮን ከሆነ ለምን ደንበኞቼ አዲስ ስልክ ገዝተው ከአሮጌው ምንም ልዩነት አላየንበትም ይሉኛል ብሎ ሞገተ። እኔ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ አገኘም።

5ኛውን የጻፈችው ደሴ ሆጤ ሰፈር ተወልዳ አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር የምትሠራ ልጅ ናት። ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ በ1974 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየውን አመጣች። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ከወረደ፣ ብዙ ትራንዚስተር አንድ ቦታ ቢታጨቅም ሙቀቱ አይጨምርም። ይህ እስከ 2005 ገደማ ሠራ። ከዚያ ቮልቴጁ አልወርድም አለ። ትራንዚስተሩ ተዘግቶም ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አበዛ። ኢንቴል በ2004 ቴጃስ የሚባለውን ፕሮሰሰር ሳይጨርስ ተወው። በዚያው ዓመት ፔንቲየም 4 ፍጥነቱ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላም ፈጣን የሚባለው 6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የተጨመሩት ቢሊዮኖች ታዲያ የት ገቡ? ብዙ ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ሆኑ፣ የካሜራ ሥራ ያዙ፣ ድምፅና ምስል የሚለይ ክፍል ሆኑ። ዋትሳፕ ብቻ የሚከፍት ሰው ልዩነቱን አያየውም። እውነቷን ነው።

6ኛው በቁጣ ገባ። ናኖሜትር ስታወሩ የኔ ሰፈር ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ነው አለ። ከ7 እስከ 9 ያሉት ይህንኑ ተከትለው ስለ መብራት ሆኑ። አልዘረዝራቸውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንዱ ግን ካርድ ሞልቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጣሪው ስላረፈለት እያመሰገነ እንደሚተኛ ጽፎ አስቆናል።

10ኛው በጣም ብዙ ላይክ ያገኘ መልስ ነው። ቺፕ የሚሠራው ከሲሊከን ነው፣ ሲሊከን ከአሸዋ ነው፣ ቦርከና ላይ አሸዋ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከ2017 ጀምሮ አለ፤ ልብስ ብቻ ከሚሰፋበት ቺፕ ፋብሪካ ይተከልበት አለ። ልቡ ጥሩ ነው።

11ኛው ግን አልራራለትም። ኔዘርላንድስ የሚኖር የደሴ ልጅ ነኝ ብሎ ጀመረ፤ ከዚህ ጀምሮ የክሩ ጠባይ ተቀየረ። አሸዋ የቸገረው አገር እንደሌለ፣ የቸገረው ንጽሕናው እንደሆነ ጻፈ። ለቺፕ የሚሆን ሲሊከን 99.9999999 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት። ቀጥሎ እሱ ባለበት አገር፣ ቬልድሆቨን የምትባል ከተማ ውስጥ የሚገኘው ኤኤስኤምኤል የተባለ ኩባንያ ስለሚሠራው፣ የቺፕን ንድፍ በብርሃን ሲሊከን ላይ ስለሚያትመው ማሽን አወራ። የቀለጠ ቆርቆሮ (ቲን) ጠብታ በሰከንድ 50,000 ጊዜ ይረጫል። እያንዳንዱ ጠብታ በሌዘር ይመታና 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይሰጣል። ይህን ብርሃን አየርም መስታወትም ስለሚውጠው ሥራው ሁሉ በቫኪዩም ውስጥ፣ በሌንስ ሳይሆን በማንጸባረቂያ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚሸጠው በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው። የአዲሱ ዓይነት አንዱ ዋጋ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለ መብራት ያለቀሱትንም አልረሳቸውም። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተመታ። የሳምሰንግ የኦስቲን ፋብሪካ መብራት ተቋርጦበት ወደ ሥራው ለመመለስ ሳምንታት ፈጀበት። በዚያው ዓመት ታይዋን በድርቅ ስትመታ ቲኤስኤምሲ ውሃ በቦቴ አስመጣ። እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኛስ ብሎ፣ 10ኛውን ሙድ ይዞበት ጨረሰ። መረጃው አንድም ስህተት የለበትም። አነጋገሩ ነው የከፋው።

12ኛው ላይ 10ኛው ልጅ ተመልሶ መጣ። ፈረንጅ አገር የተቀመጠ ሁሉ አገሩን ማጣጣል ሥራው ነው ብሎ ሌላም ሌላም ጨመረ። 13ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከ12ኛው ላይ የተሰረዙ ቃላት አሉ፤ ጥሩ ተደርጓል።

14ኛው መምህሩ ናቸው። ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነው ገቡ። የአምስተርዳሙን ልጅ፣ (ቬልድሆቨን እንጂ አምስተርዳም አላለም፤ እሳቸው ግን እንዲህ ብለው ጠሩት)፣ ስለ ማሽኑ ልክ ነህ አሉት። ግን ሁሉም ቺፕ 2 ናኖሜትር እንዳልሆነ አስታወሱት። በ2021 የመኪና ፋብሪካዎች የቆሙት አብዛኛውን ጊዜ በርካሽና በቆየ አሠራር የሚመረት ቺፕ አጥተው ነው። የካርድ ቆጣሪ፣ የቻርጀር፣ የልብስ ማጠቢያ ቺፕ የቅርቡን ማሽን አይጠይቅም። 10ኛውን ልጅ ደግሞ የተሳሳትከው በሩን ነው አሉት። የማሌዥያዋ ፔናንግ ዛሬ በቺፕ ስሟ የሚጠራው ሲሊከን አጥባ አይደለም። ኢንቴል በ1972 የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተባት። የተሠራውን ቺፕ መቁረጥ፣ ማሸግ፣ መፈተሽ፤ ጅማሬዋ ይህ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ ያየች ከተማ በዚህ በር ብትገባ ነውር የለውም ብለው ዘጉ። ሁለቱም ላይክ ሰጧቸው። የወሎ ሽማግሌ ኦንላይንም ይሠራል።

15ኛው ከርዕሱ የወጣ መስሎን ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ በኤሌክትሪክ መኪና የሚመላለስ ሰው ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ነው የገዛው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የባትሪው መቶኛ ዓይኑ እያየ ይወርዳል። ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ ግን ፍሬን ሳይረግጥ መኪናው ራሱን ይይዛል፣ መቶኛውም ይጨምራል። ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። 16ኛው አንድ ቀልደኛ ታዲያ ሐረጎን እየወጡ እየወረዱ ያለ ቻርጅ መኖር ይቻላል አለ። 17ኛዋ የሆጤዋ ልጅ አይቻልም፣ የሚመለሰው ሁልጊዜ ከወጣው ያንሳል ብላ አስቆመችው።

18ኛው ለባለ መኪናው መልስ ነው፤ የመምህሩ ተማሪ የነበረ ይመስለኛል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል። በሞተሩና በባትሪው መካከል ያለው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን ይመልሳል። ኢንቨርተሩ ውስጥ ትልልቅ የኃይል ትራንዚስተሮች አሉ። በአንዳንድ መኪና ሲሊከን ናቸው፣ ቴስላ ሞዴል 3 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሲሊከን ካርባይድ እየተለመደ ነው። ሲሊከን ካርባይድ ከፍ ያለ ቮልቴጅና ሙቀት ይችላል፤ በመሃል የሚባክነው ኃይልም ያንሳል። ትንሽ ሆና ብዙ ዋት የምትሰጠው የስልክ ቻርጀርም ጋሊየም ናይትራይድ ያለባት ናት። እነዚህ ላይ ማንም ስለ ናኖሜትር አይጨነቅም። ለውጡ የመጣው በማሳነስ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ተቀይሮ ነው።

19ኛው የዚህ ክር አንኳር ነው ባይ ነኝ። የጻፈው ኮምቦልቻ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሌላ ባለሙያ ነው። ባለቤቱን ወንድሜ እያለ በአክብሮት ጀመረና ተስፋውን አንድ በአንድ አፈረሰበት። ድሮ ስልክ ቻርጅ አልይዝ ካለ ቻርጂንግ አይሲውን (ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ቺፕ) ሙቅ አየር በሚተፋው ሆት ኤር አንስቶ፣ ከሞተ ቦርድ የነቀለውን ተክቶ፣ ስታኞ አስነክቶ ይገላገል ነበር። አሁን ሚሞሪው ፕሮሰሰሩ ላይ ተደርቦ ይመጣል። ብዙ ቦርድ ላይ ዙሪያው በሙጫ ተሞልቷል። የላዩን ለማንሳት ስታሞቀው የታቹ ይበላሻል። ፕሮሰሰሩ ከሞተ ደግሞ የደንበኛው ፎቶ አብሮ ሞተ ማለት ነው። ማከማቻው የተቆለፈበት ቁልፍ ያለው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ማከማቻውን ብቻ ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ መትከል አይጠቅምም። የልጇን የልደት ፎቶ አውጣልኝ ብላ የምታለቅስ እናት ፊት መቆም ምን እንደሚመስል ጠይቁኝ አለ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ማሳነሱ ሲከብዳቸው ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተጣብቃ መስፋፊያ ሲጠፋት ፎቅ እንደጀመረችው ሁሉ እነሱም ወደ ላይ ወጡ። የስልክ ማከማቻ የሆነው ፍላሽ ሚሞሪ ዛሬ ከ200 በላይ ንብርብር አለው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚያገለግሉ ትልልቅ ቺፖች ጎን ሚሞሪ በቁልል ተደርድሮ ይታሸጋል። አፕል ኤም2 አልትራን የሠራው ሁለት ቺፕ አጋጥሞ ነው፤ 134 ቢሊዮን ትራንዚስተር ያለው እንዲህ ሆኖ ነው። ትራንዚስተሩ ራሱም ቅርጹ ተለውጧል። ድሮ ጠፍጣፋ ነበር። በ2011 ኢንቴል እንደ ቀጭን ግድግዳ የቆመውን አስተዋወቀ። በ2022 ሳምሰንግ ጌቱ ዙሪያውን የሚከበውን ማምረት ጀመረ። ስለዚህ የባለቤቱ ስሌት ተገልብጧል። ማነሱ በዘገየ ቁጥር መደራረቡና መታሸጉ ይጨምራል። በታሸገ ቁጥር ደግሞ ጠጋኝ የሚነካው ነገር ይቀንሳል።

ይህን ሳነብ ዝም አልኩ። ብዙዎቻችን ስለ ቺፕ መጪ ዘመን ስናወራ ስለ ኩባንያዎቹ እናወራለን። ይህ ሰው ግን ከጠረጴዛው፣ ከማጉያ መስታወቱ ሥር ነው ያየው።

20ኛው የባለቤቱ ነው። መልሱ ቆየ። ሲመጣም መረር ብሎ ነበር። ታዲያ ሱቁን ዘግቼ ሻይ ላፍላ ወይ አለ። 21ኛው ላይ የኮምቦልቻው ባለሙያ አብሽር ብሎ አጽናናው። ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጅ መሰኪያ የትም አይሄዱም። የቦርድ ሥራ ግን ወደ ኃይል ኤሌክትሮኒክስ እየዞረ ነው። ሶላር ኢንቨርተር፣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ መቆጣጠሪያ፣ የመኪና ቻርጀር። እነሱ ላይ ክፍሉ ትልቅ ነው፣ በእጅ ይነሳል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ለዚህ ደግሞ ትምህርቱ ያለው የወንድሙ ክፍል ውስጥ ነው።

22ኛዋ የሆጤዋ ልጅ ሌላ መንገድ አሳየች። ወንድሙ ቺፕ ለመንደፍ ፋብሪካ እንደማያስፈልገው ጻፈች። ሪስክ ፋይቭ የተባለው ክፍት የፕሮሰሰር አሠራር በ2010 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ፈቃድ አይከፈልበትም። በ2020 ጉግልና ስካይዎተር የ130 ናኖሜትር ሙሉ የንድፍ መመሪያ በነጻ ለቀቁ። ነጻ ሶፍትዌር አለ። የብዙ ሰው ንድፍ አንድ ላይ ታትሞ ወጪው ይከፋፈላል። 23ኛው ባለቤቱ ነው፤ በቁጣ። ዶርም ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ደብተር ገልጦ ለሚያጠና ልጅ ይህን መንገር ቀልድ ነው አለ። 24ኛው ነዳፊዎቹን ከፋብሪካው ጋር ያገናኝ የነበረው ኢፋብለስ የተባለ ኩባንያ በ2025 መዘጋቱን አስታወሰ። 25ኛ ላይ እሷ ተመለሰች። አንዱ በር ቢዘጋ የጀርመኑ አይኤችፒም ክፍት መመሪያ አለው፣ ንድፉን መሳልና መሞከር ደግሞ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሆናል አለች። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። የባለቤቱ ንዴት ግን ይገባኛል።

26ኛው የሚጣፍጥ ነው። አንድ አባት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ስለ ልጅነታቸው ጻፉ። አባታቸው ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበራቸው። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ዜና እስኪያልቅ ይሠራል። ሬዲዮው ሲከፈት ትራንዚስተሮቹን በጣት መቁጠር ይቻል ነበር። ብዙ ሰው መረቃቸው። አንዱ ትራንዚስተር በ1947 ቤል ላብራቶሪ እንደተሠራ ጠቀሰላቸው፤ እሳቸውም አመሰገኑ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ።

27ኛው ሰላሙን አደፈረሰ። ሲሊከን አልቆለታል፣ ነገ ሁሉም ግራፊን (አንድ አተም ውፍረት ያለው የካርበን ንጣፍ) ነው ብሎ ሦስት ቪዲዮ ለጠፈ። መምህሩ በ28ኛው በአጭሩ መለሱ። ግራፊን በ2004 ተለይቶ ወጣ፣ ለሳይንቲስቶቹም የ2010 ኖቤል ሽልማት አስገኘ። ግን በተፈጥሮው አይዘጋም፤ የማይዘጋ ነገር ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ አይሆንም። የካርበን ናኖቲዩብ ይሻላል። ኤምአይቲ በ2019 ከ14,000 በላይ ትራንዚስተር ያለው ፕሮሰሰር ሠርቶበታል። ከቢሊዮኖቹ ጋር ራስህ አወዳድረው አሉት። ልጁ ቪዲዮዎቹን አላነሳም።

29ኛውና 30ኛው ደሴ ትበልጣለች ኮምቦልቻ ትበልጣለች ናቸው። ኤርፖርቱም ፓርኩም ኮምቦልቻ ነው፣ ስሙ ግን የደሴ ነው፣ ወዘተ። እናልፋለን።

31ኛው ላይ ወንድምየው ራሱ ብቅ አለ። ስለሱ ይህ ሁሉ ሰው ሲያወራ ማንም እንዳልጠየቀው ጻፈ። ቅጹን ሞልቶ ካስገባ ቆይቷል። ኤሌክትሪካል ነው የመረጠው። ክረምት ላይ ግን ሱቅ ገብቶ ሊሠራ ፈቃደኛ ነው፤ አሮጌው ሆት ኤር ከተቀየረ። ታላቅየው ላይክ ብቻ ሰጠው።

ክሩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። 32ኛው ግን ባለ መኪናው ነው። ትናንት ማታ ቻርጅ ሲያደርግ መብራት ሄዶ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር አልሠራ አለ፤ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 33ኛው የኮምቦልቻው ባለሙያ ነው። እንዳትከፍተው፣ የባትሪው መስመር 400 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ መኪናው ጠፍቶም ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ ብሎ አስጠነቀቀ። 34ኛው ባለ መኪናው ክዳኑን ከፍቼዋለሁ አለ። በደቂቃዎች ውስጥ እጅህን አንሳ የሚሉ መልሶች ተደረደሩ። መምህሩ ሳይቀሩ በትልልቅ ፊደል ጻፉ ለማለት ምንም አልቀራቸው፤ አማርኛ ትልቅ ፊደል የለውም እንጂ።

38ኛው ላይ ሰውዬው ምንም ሳይነካ ክዳኑን ከላይ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። አንድ ጥግ ላይ ጥቁር የሆነ ክፍል ይታያል። ከዚያ ወዲህ የፒያሳውና የኮምቦልቻው ጠጋኞች እየተመላለሱ ናቸው። አንደኛው የተቃጠለው ፊውዝ ብቻ ነው ይላል፤ ሌላው ከኋላው ያለው ትራንዚስተር አብሮ ሄዷል ባይ ነው። ወንድምየው ደግሞ ፎቶውን አቅርበህ አንሳውና ቁጥሩን እናንብበው እያለ ነው።